ሥነ ተዋልዶ ለ8ኛ ክፍል፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የ8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሥነ ተዋልዶ ላይ ስደርስ አንዳንድ ወላጆች «የልጆቹን ዐይን እየከፈታችሁ ነው፤ ታቀቡ ማለት ይበቃል» ብለው አቤት አሉ። ሌሎቹ «ሁሉም ይነገራቸው» ይላሉ። ሴትና ወንድ ለይቼ ላስተምር? እንዴትስ ልጀምር?
(መምህር፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ ከተማሪዎቹ በፊት ወላጆችን ይጥሩ። የሚያስተምሩትን ገጽ ከነሥዕሉ ያሳዩአቸው፤ ብዙው ሥጋት ምን እንደሚባል ካለማወቅ ነው። መታቀብ በዚህ ዕድሜ የመጀመሪያው ምርጫ መሆኑን ይንገሩ፤ እኛም እንደዚያው እናምናለን። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ የተገመገሙት ጥናቶች፣ የተሟላ ትምህርት ልጆችን ወደ ወሲብ እንደማያቻኩል፣ «ታቀቡ» ብቻ የሚለውም ጅማሬውን እንደማያዘገይ አሳይተዋል።

ስለ አካል ክፍሎችና ስለ ወር አበባ አብረው ይማሩ። ወንዶቹ ካልተማሩ ቀሚሷን የወር አበባ ደም የነካባት ልጅ መሣቂያ ትሆናለች። ለጥያቄና መልስ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ይለዩአቸው።

ጥያቄ አሰባሰቡ ላይ ይጠንቀቁ። አንድ ሉክ ወረቀት አራት ቦታ ቆርጠው ለሁሉም እኩል ያድሉ። ስም አይጻፍ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን። ጥያቄ የሌለው «የለኝም» ብሎ ይጻፍ፤ አለዚያ እስክሪብቶ ያነሣው ሁሉ ይታወቃል። እዚያው አይክፈቱት፤ ቤት ወስደው ያንብቡና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይመልሱ። የልጅ ስም ወይም የጥቃት ምልክት ያለበት ወረቀት ክፍል ውስጥ እንዳይነበብ ነው። ልጅቷ ተደፍራ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ የኤችአይቪ መከላከያው ለ28 ቀን የሚወሰድ ሲሆን ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የእርግዝና መከላከያውም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም።

በብዛት የሚመጣው «ስንተኛው ቀን አያስረግዝም?» የሚለው ነው። መምህራን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ የ28 ቀኑን የወር አበባ ዑደት ብቻ ሥለው 14ኛውን ቀን ያከብባሉ። እንቁላል የሚወጣው ግን ከሚቀጥለው ወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። ዑደቷ 24 ቀን የሆነ በ10ኛው፣ 35 የሆነ በ21ኛው ቀን ገደማ ማለት ነው። ሦስቱንም በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይሣሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዑደቱ ከ21 እስከ 45 ቀን ይዋልላል፤ የወንድ ዘር ደግሞ ማሕፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ቆጥራ የምትተማመንበት ቀን የለም።

ስለ ቃላቱ፦ ከኦሮምኛ መምህሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። በአንዱ ቋንቋ ትክክለኛውን ስም፣ በሌላው የሰፈር ስድብ ከተጠቀሙ ሳቁ አይቆምም። መጀመሪያ ላይ መሣቃቸው ግን ያለ ነው፤ አይቆጡ።