ማኅበሩን ለማስመዝገብ ከመቸኮላችሁ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት አማካይነት ነጻ የእውቀት ይዘት በሚያዘጋጁበት አንድ ዓለም አቀፍ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበረሰብ ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ ተሳትፌያለሁ። በአንድ ሀገር የምንገኝ ዘጠኝ ተሳታፊዎች ሀገር አቀፍ ቅርንጫፍ ለማቋቋም ተስማምተን የመተዳደሪያ ደንብ ረቂቅ ጽፈናል። ሁለቱ ጓደኞቻችን ግን «ዋናው ድርጅት ሊያዘን ነው» ብለው ይሰጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ከተመዘገብን ወዲያ በይዘቱ ላይ የመጨረሻውን ቃል የምንሰጠው እኛ ነን» ይላሉ። ማን ነው ትክክል? ከየትስ እንጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል፤ ያሳሳታቸውም «ቅርንጫፍ» የሚለው ቃል ይመስለናል። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁም፣ በጀቱም፣ መመሪያውም የሚመጣለት ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። እናንተ ልታቋቁሙት ያሰባችሁት ግን በሀገሩ ሕግ የሚመዘገብ፣ የራሱ ጠቅላላ ጉባኤ ያለው፣ ቦርዱንም ራሱ የሚመርጥ ነጻ ማኅበር ነው። ለምሳሌ በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት የሚጽፉትን ኢንሳይክሎፒዲያ፣ የዊኪፒዲያን ሥራ የሚደግፈው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ተቋቋመ፤ በዓመቱ የጀርመን በጎ ፈቃደኞች የራሳቸውን ማኅበር በርሊን ላይ መሠረቱ። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ውል ነው። ማኅበሩ የዋናውን ድርጅት ስምና ዓርማ በውሉ መሠረት ይጠቀማል፣ ሥራውንና ሒሳቡንም በየጊዜው ያሳውቃል። ዋናው ድርጅት ሊቀ መንበር ሊሾምባችሁ አይችልም፤ ግዴታችሁን ካልተወጣችሁ ግን ዕውቅናውንና ስሙን ሊነሳችሁ ይችላል።

ይዘቱን በሚመለከት ለጓደኞችዎ ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 አንድ የጀርመን ፓርላማ አባል ስለ እርሳቸው የተጻፈውን በመቃወም የፍርድ ቤት እግድ አወጡ። እግዱ ያረፈው በጀርመኑ ማኅበር ላይ ስለነበር፣ ማኅበሩ አንባቢዎችን ወደ ኢንሳይክሎፒዲያው ይመራበት የነበረው የመግቢያ ገጽ ለጥቂት ቀናት አገልግሎቱን አቋረጠ፤ ኢንሳይክሎፒዲያው ራሱ ግን በዋናው አድራሻው እንደ ወትሮው ይነበብ ነበር። ማኅበሩ ለይዘቱ ባለቤት ወይም አርታኢ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በአንድ የመግቢያ ገጽ ባልተገታ ነበር። ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያሳስበናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የፈረንሳይ የሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ስለ አንድ ወታደራዊ የሬዲዮ ጣቢያ የተጻፈ ጽሑፍ እንዲሰረዝ ፈልጎ፣ የፈረንሳዩ ማኅበር ሊቀ መንበርና የኢንሳይክሎፒዲያው በጎ ፈቃደኛ አስተዳዳሪ (ገጽ መሰረዝ የሚችል ተሳታፊ) የነበሩትን ሰው ጠርቶ፣ ካልሰረዙ እንደሚታሰሩ አስጠነቀቃቸው። እርሳቸውም ሰረዙት፤ ጽሑፉን ወደ ቦታው የመለሱት በስዊዘርላንድ የሚኖሩ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ስሙ በማኅበር መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰው ተፈልጎ የሚገኝ ሰው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በይዘቱ ላይ አንዳች ሥልጣን እንደሌለው በደንባችሁ ውስጥ በማያሻማ ቃል ጻፉ፤ ይህ አንቀጽ ከማንም በፊት የሚጠብቀው እናንተኑ ነው።

ከየት እንደምትጀምሩ ለጠየቁት፣ በእኛ እምነት በምዝገባ አትጀምሩ። እንደ ዊኪሚዲያ ያሉ ማኅበረሰቦች ሕጋዊ ሰውነት ለማያስፈልገው የተጠቃሚዎች ቡድን ዕውቅና ይሰጣሉ፤ ዘጠኝ ሰዎችም አቅማቸውን የሚፈትኑት በዚህ ደረጃ ነው። ምዝገባ ኦዲት፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የግብር ማሳወቂያና የቦርድ ምርጫ አስከትሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ለጽሑፍ ሥራ ይውል የነበረው ምሽት በወረቀት ያልቃል። ጊዜውም ከታሰበው በላይ ይረዝማል። የእንግሊዙ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 በኩባንያነት ቢመዘገብም የበጎ አድራጎት ድርጅትነት ዕውቅና ያገኘው በ2011 ነበር፤ ለትርፍ አለመቋቋም ብቻውን ይህን ዕውቅና አያስገኝምና።

እስከዚያው ድረስ በየስብሰባው ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎችና የተወሰነውን በአጭሩ መዝግባችሁ ሁሉም በሚያየው ሰነድ ላይ አኑሩ። የገጾቻችሁ የይለፍ ቃል ቢያንስ በሦስት ሰዎች እጅ ይሁን፤ አንድ ሰው ተቀይሞ ሲወጣ ቡድኑ በራሱ በር ላይ ቆሞ እንዳይቀር። ገንዘብ መንካት ስትጀምሩም ወጪው ያለ ሁለት ፊርማ አይንቀሳቀስ፤ ጓደኛሞች መሆናችሁ ይህን ጥንቃቄ ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

የጻፋችሁትን ረቂቅ ደንብ ግን አሁኑኑ፣ በመዝጋቢው ባለሥልጣን ፊት ሳይቀርብ፣ ለዋናው ድርጅት ዕውቅና ሰጪ ኮሚቴ ላኩት፤ ከጸደቀ በኋላ አንድ አንቀጽ ለማረም ጉባኤ መጥራትና ፋይሉን እንደገና ማንቀሳቀስ ግድ ይላል። ስትልኩት አዲስ አባል የሚገባበት መንገድ ለማንኛውም ተሳታፊ ክፍት መሆኑን፣ ማኅበሩ ቢፈርስም ቀሪው ሀብት ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት እንጂ ለመሥራቾቹ እንደማይከፋፈል የሚገልጹት አንቀጾች መኖራቸውን ደጋግማችሁ አረጋግጡ።