አልጋው ዘገየ እንጂ አልተሰረቀም

እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋን ፌስቡክ ላይ «አጭበርባሪ» ብዬ ጽፌ ልትከሰኝ ነው፣ ፖስቱን ባጠፋው እድናለሁ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን በዚሁ ነገር እዚሁ ጅማ ጣቢያ ተጠርቼ አውቃለሁ።

ዓምና ሂርማታ አካባቢ ላለ አናጺ የአልጋ ቀብድ ከፈልኩ። በሦስት ሳምንት ያለው ሦስት ወር ሆነ፣ ስልክ አያነሳም። አንድ ማታ ብግን ብዬ የሱቁን ፎቶ ከነስልክ ቁጥሩ ለጠፍኩና «ይሄ ሌባ ነው፣ ተጠንቀቁ» አልኩ። ጠዋት ሼሩን ሳይ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ፖስቱን አጥፍቼው ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሰውየው ስክሪንሹቱን በከለር አሳትሞ፣ ከስር የተሳደቡትን ኮመንቶች ሳያስቀር፣ በክላሰር ይዞት መጥቷል። መርማሪው የአልጋውን ነገር አልጠየቀኝም። ጣቱን «ሌባ» የምትለዋ ላይ አድርጎ «ምን ሰረቀህ?» አለኝ። ምን ልበል? መዝገቡ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደግሞ ቃሌ «ሃቱ» ሆና ወረቀት ላይ ስትሰፍር የባሰ ከበደችኝ።

በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፣ አንቀጽ 13፣ ለስም ማጥፋት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ይላል። ግን የሚያስከስሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፣ ስለዚህ እርቅ ይሠራል። በፍትሐ ብሔርም ካሳ መጠየቅ ትችላለች። የ1952ቱ ሕግ ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው (ዛሬ የዚፕ መቀየሪያ ይሆን ይሆናል)፣ ገበያዬ ቀረብኝ ብላ ካስረዳች ግን ሌላ ሒሳብ ነው። የጻፍሽው እውነት መሆኑን ካሳየሽ፣ የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2047 ያግዝሻል፣ እሷን ለመጉዳት ብቻ ብለሽ ካልሆነ።

የኔ ነገር በሽማግሌ አለቀ። ይቅርታዬን እዛው ገጼ ላይ ጻፍኩ፣ እሱም አልጋውን አመጣ። እስከ ዛሬ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ እሱን ግን የትም አልጻፍኩም።

አንቺም ፎቶዋንና «አጭበርባሪ» ያልሽውን ዛሬውኑ አንሺ። የሆነው ብቻ ይቆይ፣ መቼ ጨርቅ ሰጠሽ፣ ስንት ከፈልሽ፣ ቀሚሱ ምን ሆኖ መጣ። ከማንሳትሽ በፊት ግን ሙሉውን ፖስት ራስሽም ስክሪንሹት አድርጊው፣ እሷ ቆርጣ ብታቀርበው የምታሳዪው ይኖርሻል። በቴሌብር ከከፈልሽ ደግሞ የክፍያ መልእክቱን እንዳታጠፊው።