መልስ፦ ከአያት የተወረሱ ሦስት ጠገራ ብሮች

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከነበሩት አያትዎ የወረሷቸው ሦስቱም ጠገራ ብሮች 1780 የሚል ዓመት እንዳለባቸውና አንዱ ቀለል እንደሚል ገልጸው፣ ሐሰተኛ ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል።

ዓመቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በሳንቲሙ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ካረፈች በኋላ ቪየና፣ ቆይተውም ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ዓመቱን ሳይቀይሩ ማተማቸውን ቀጥለዋል። በጅማው የሂርማታ ገበያ ቡና የተሸጠበት ጠገራ አብዛኛው እንዲህ በኋላ የታተመ በመሆኑ፣ ሐሰተኛ ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም፤ ብርነቱ እውነተኛ ነውና።

ቀለል ያለው ግን ያሳስበኛል። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጅም ብር ነው። ብዙ እጅ የነካው ጥቂት ሊጎድል ይችላል፤ ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ወይም ተሸርፎ ካልሆነ በቀር 2 ወይም 3 ግራም መጉደሉ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከሁሉ በላይ እኔ የማምነው ጠርዙን ነው፤ በዙሪያው «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያላቸው የላቲን ፊደላት ጎላ ብለው ይታያሉ፣ በቅርጽ ቀልጦ በተፈሰሰው ሐሰተኛ ላይ ግን ደብዝዘው፣ አንዳንዴም የመጋጠሚያ መስመር ተጋድሞባቸው ይገኛሉ። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፒን ዕንቁዎችም ይቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ ናቸው። ማግኔት ከሳበው ጉዳዩ ያበቃል፤ ካልሳበው ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

እባክዎ በሎሚና በአመድ አይፈትጉት።