ጤፉን ለገበሬው ተዪለት፣ አንቺ በሽምብራ ጀምሪ

እህቴ፣ «የ3ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባሕር ዳር ተወልደው ጤፍ እንዴት እንደሚበቅል አያውቁም፤ ግቢያችንም ጠባብ ነው፣ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔ ከስህተቴ ልነሳልሽ።

መጀመሪያ ያስዘራኋቸው በቆሎ ነበር፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ። ዝናቡ ጣል ጣል ሲል ልጆቹም እኔም ደስ አለን። ቡቃያው ጉልበት ሳይደርስ ትምህርት ተዘጋ። መስከረም ስንመለስ አገዳ እንኳ አላገኘንም፤ ፍየል ጨርሶታል። ያኔ ነው የገባኝ፦ ገበሬው ወገቡን የሚያስረው እኛ በራችንን ስንዘጋ ነው። ዳጉሳው ሰኔ፣ ጤፉ ሐምሌ ይዘራል፤ ተማሪ የሚደርሰው ለአጨዳው ብቻ ነው።

ሽምብራ ግን ዝናቡ ሲወጣ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት የሚዘራ ነው። ጣና ዳር፣ ፎገራና ደንቢያ፣ ውኃው ሲሸሽ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ቦታ አያስፈልግሽም፤ አፉ የተቆረጠና ታቹ የተበሳ የዘይት ጀሪካን ይበቃል። አንዱን በዋልካ (በጥቁሩ ጭቃ አፈር)፣ ሌላውን በቀይ አፈር ሙዪ። እኩል አጠጪና ከበቀለ በኋላ ውኃ ከልክዪው። የትኛው ቀድሞ እንደሚጠወልግ ልጆቹ ራሳቸው ይንገሩሽ። ዋልካው ከሽምብራ ማሳ ቢመጣ ይሻላል፣ ምክንያቱን አሁን ታዪዋለሽ።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ አንዱን ቀስ ብለሽ ከነሥሩ ንቀዪና እጠቢው። ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። የእኔዎቹ «ቲቸር፣ ታሟል!» ብለው ጮኹ። አንዷን በጥፍሬ ስሰነጥቃት ውስጧ ሮዝ ነው። የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች ቤት መሆኑን ነገርኳቸው። ዋልካው ከሽምብራ ማሳ ይምጣ ያልኩሽም ባክቴሪያዎቹ ከአፈሩ ጋር እንዲመጡልሽ ነው። በር ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛችን፣ ገበሬም ናቸው፣ ቀበል አድርገው «ለዚህ እኮ ነው ከሽምብራ በኋላ ጤፍ የምንዘራው» አሉ። ክፍለ ጊዜውን የጨረሱት እሳቸው ናቸው። አንቺም ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። ልጆቹ የሽምብራውን ቅጠል የነካ ጣታቸውንም ይላሱት፤ ይኮመጥጣል፣ አይረሱትም።

ጤፍ ካማረሽ ትሪ ላይ ሞክሪ። ግማሹን አፈር በመዳፍ ይጠቅጥቁና ዘሩን ከላይ ይበትኑበት፤ በሌላው ግማሽ ሦስት ጣት ያህል ይቅበሩት። የተቀበረው አይወጣም። ገበሬው ከብት ነድቶ ማሳውን ለምን እንደሚያስረግጥ ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ነው፦ ዘሩ ጠልቆ እንዳይቀበር ነው። ጣታቸውን አርጥበው የተጣበቀችውን ጤፍ ይቁጠሩም፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ፍሬ አለ ስትያቸው ማን ያምንሻል?

ከቤት እፍኝ እህል አምጡ ማለትም ጥሩ ነው። የዘጌ ልጅ ቡናና ጌሾ ይዞ ከች አለ፣ የወረታዋ ሩዝ። ሩዙ ወረታ ያለችበት ፎገራ የገባው በአያቶቻቸው ዕድሜ ስለሆነ አያት ይጠየቅበት።

ነገር ግን ቀላ ያለ ቀለም የተቀባ የበቆሎ ምርጥ ዘር የሚያመጣ ልጅ አይጠፋም። መድኃኒት የተለወሰ ነው፤ ተቀበዪውና እጁን በሳሙና አስታጥቢ።

የሽምብራው እሸት ሲደርስ ለክፍሉ ሁሉ አይበቃም። ከመንገድ ሁለት ሦስት እስር ገዝተሽ ደባልቂበት፣ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።