«ፎቶ ተነሣሁ» ወይስ «አነሣኝ»?

ጥያቄ፦ «መንገድ ዳር ቆሜ ስልክ ሳወራ አንድ ሰው መነጽሩ ላይ ባለ ካሜራ ቪዲዮ አነሳኝ። ያወቅኩት ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ለጓደኛዬ "ሳላውቅ ቪዲዮ ተነሳሁ" ስላት "ካላወቅሽማ አልተነሳሽም፤ አነሳሽ ነው የሚባለው" አለችኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው "ገመናዬ ተነካ" ማለት ይችላል? ወይስ "ግላዊነቴ" ነው የሚባለው?»

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናት። እርስዎ እንዳሉት የሚናገር ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጓደኛዎ የሰማችውን ነገር እንይ።

«ተ» ግሥ ላይ ሲገባ ተደራጊ ያደርገዋል ተብለን ነው የተማርነው። መታ፣ ተመታ። ሰረቀ፣ ተሰረቀ። ገፋ፣ ተገፋ። የተሰረቀ ሰው ፈልጎ አልተሰረቀም። አሁን ደግሞ እነዚህን ይመልከቱ፦ ታጠበ፣ ተላጨ፣ ተከተበ፣ ጸጉሯን ተሠራች። እዚህም «ተ» አለ። ባለቤቱ ግን ነገሩ የተደረገበት ሰው ብቻ አይደለም። ወይ ራሱ አድርጎታል፣ ወይ ሌላ ሰው እንዲያደርግለት ፈቅዶ ሰውነቱን ሰጥቷል። ጸጉሯን የተሠራች ሴት ፈልጋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ተኝታ ሳለች ሰው መጥቶ ጸጉሯን ቢላጫት ግን «ተላጨች» አንልም። «ላጯት» ነው የምንለው።

«ፎቶ ተነሣ» ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። «ትናንት ፎቶ ተነሣን» ያለ ሰው ቆሟል፣ ልብሱን አስተካክሏል፣ ወደ ካሜራው አይቷል። ካላመኑኝ በትእዛዝ አንቀጽ ይሞክሩት። «ታጠቢ»፣ «ተከተቢ»፣ «ነይ ፎቶ ተነሺ» ይባላል። «ተሰረቂ» ብሎ የሚያዝ የለም። እምቢታውም እንደዚሁ ነው። «ፎቶ አልነሣም» ያለች ሴት ፈቃዷን ነፍጋለች። «አልሰረቅም» ያለች ግን ምኞቷን ነው የነገረችን።

(በነገራችን ላይ እኔ «ተነሣ»ን በንጉሡ ሠ ነው የምጽፈው። ምንጩ ነሥአ ነውና። በእሳቱ ሰ የጻፉትን አላርምም፤ ዓይኔን ግን ይቆረቁረዋል።)

«ተ» ተገብሮ (ተደራጊ ማድረጊያ) ነው፣ አለቀ፤ ፈቃድ የሚመጣው ከዐውዱ እንጂ ከግሡ አይደለም የሚሉ የሰዋስው ሰዎች አሉ። ማስረጃቸው «ይህ ፎቶ መቼ ተነሣ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ፎቶ ፈቃድ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፣ የለውም። ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ አላዩም። እዚያ ባለቤቱ ፎቶው ነው። «ስብሰባው ላይ ስሜ ተነሣ» ስንልም ባለቤቱ ስሜ ነው፤ ስም ደግሞ እኔ በሌለሁበትም ይነሣል። «ስብሰባው ላይ ተነሣሁ» ካልኩ ግን ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ። ባለቤቱ ሰው ሲሆን ግሡ ውስጥ ፈቃድ ይገባል። ይህን ልዩነት ለዐውድ ብቻ መተው ቋንቋው ራሱ የሠራውን ሥራ መካድ ነው።

ነሥአ በግዕዝ ወሰደ፣ ተቀበለ፣ ያዘ፣ አነሣ ነው። ዕብራይስጥም የዚህ ዘመድ ግሥ አለው፤ ትርጉሙ ማንሣት፣ መሸከም፣ መውሰድ ነው። አማርኛ ከዚህ ሁሉ በዋናነት የያዘው ከፍ ማድረጉን ነው። «ፎቶ ማንሣት» ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። አልቀበለውም። ትርጉም ቢሆን ኖሮ «ፎቶ ወሰደ» ይባል ነበር፤ እሱ ግን በአማርኛ ፎቶውን ይዞት ሄደ ማለት ነው። እኔ የግዕዙ «ወሰደ» በአማርኛው «አነሣ» ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ቀጭን ነው። ቢሆንም ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፤ አልለቀውም።

የእርስዎ ጉዳይ ቪዲዮ ስለሆነ «ቀረጸኝ» ከሁሉም ይሻላል። ቀረጸ ጠርቦ፣ ፈልፍሎ ቅርጽ ማውጣት ነው። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፉን ሲሠራ መርፌው ድምፁን ስስ ቆርቆሮ ላይ በእርግጥ ያትመው ነበር። በሸክላው ዘመንም ድምፅ ሲቀረጽ ቃሉ እውነት ነበር፤ ሸክላው ላይ ቦዩ በዓይን ይታያል። ዛሬ ምንም የሚፈለፈል ነገር የለም፤ ቃሉ ግን ጸንቷል። ደግሞ «ተቀረጽኩ» ስለ ፈቃድ ምንም አይናገርም። ለፈቀደውም ላልፈቀደውም ይሆናል። «ቀዳኝ» ግን አይሁን። ቀዳ ከምንጭ ውሃ መቅዳት ነው፤ ቅጂም የሚወጣው ከእሱ ነው። የሚቀዳው አስቀድሞ የተቀረጸው ነገር እንጂ ሰው አይደለም። እኔ ብሆን «ሰርቆ ቀረጸኝ» እል ነበር። ሰርቆ ማየት የምንለው ለካስ ለዚህ ቀን ነው።

አሁን ወደ «ሳላውቅ ተነሣሁ» ልመለስ። ይባላል። «ሳላውቅ የተነሣሁት ፎቶ» ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል፤ በጽሑፍም አይቼዋለሁ። ግን «ሳላውቅ» የሚለውን ለምን እንደጨመሩ ያስቡ። «ተሰረቅኩ» ሲሉ «ሳላውቅ» አያስፈልግዎትም። «ተነሣሁ» ብቻውን ቢቀር ጓደኛዎ አውቀው የቆሙ እንደሚመስላት ስለገባዎት ነው የጨመሩት። ስለዚህ ጆሮዎ ከጓደኛዎ ጋር ነው።

ግሡ የላላበት ምክንያት አለ። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ድሮ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ያነሣ ነበር። ስልክም ቢሆን ከኪስ ይወጣል፣ ከፍ ይላል፣ ወደ ሰው ይዞራል። የሚነሣው ሰው ያንን እጅ አይቶ ይቆማል፣ ወይም ፊቱን ያዞራል። ፈቃዱም እምቢታውም ከዚያች ቅጽበት ነው የሚመጣው። ጎግል ግላስ የተባለው ባለ ካሜራ መነጽር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመጣ ይህ እጅ ቀረ። በ2021 ፌስቡክ ከሬይ-ባን ጋር ያወጣው ደግሞ ተራ መነጽር ነው የሚመስለው። ሲቀርጽ ፊት ለፊቱ ትንሽ መብራት ታበራለች፤ በፀሐይ፣ ከርቀት፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ያቺ መብራት ምንም አትናገርም። የሚነሣ ካሜራ ከሌለ «ተነሣሁ» ማለትም ድጋፉን ያጣል። ከ20 ዓመት በኋላ ሰው «ተነሣሁ»ን እንደ «ተመታሁ» ቢቆጥረው አይገርመኝም። ደስ ግን አይለኝም።

«ተለባሽ ካሜራ» የሚለውንም በችኮላ ላንሣው። ልብስ ይለበሳል፣ ቀበቶ ይታጠቃል፣ መነጽር ይደረጋል። መነጽር የሚለብስ ሰው አላውቅም። ቃሉ ግን ተለምዷል፤ የሚሻል አላገኘሁለትም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይከብዳል። «አደባባይ የወጣ ሰው ምን ገመና አለው?» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እዚህም የግሡ ነገር ነው። «ወጣ» እና «አወጣ» አንድ አይደሉም። እርስዎ አደባባይ ወጥተዋል፤ በዚያ ሰዓት እዚያ መንገድ ላይ ለነበሩት ታይተዋል። ቪዲዮውን የለቀቀው ሰው ግን እርስዎን ወደ ሌላ አደባባይ አውጥቶዎታል፤ እዚያ ለመቆም አልወጡም። «አደባባይ አወጣኝ» የሚለው ወቀሳ ድሮም አለ። መንገድ ላይ ለተቀረጸ ሰውም ያለ ማስተካከያ ይሠራል።

ሕጉም ከቦታ ወደ ሰው ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካትዝ የተባለ ሰውን ጉዳይ አየ። ሰውየው ያወራው ከሕዝብ ስልክ ነበር። የስልኩ ክፍል መስታወት ነበረው፤ መታየቱን ያውቃል። መርማሪዎች ግን ከውጭ መቅረጫ ገጥመው ንግግሩን ሰሙት። ፍርድ ቤቱ ሰውየው ዓይን ባይከለክልም ጆሮን ከልክሏል አለ፤ የሚጠበቀው ሰው እንጂ ቦታ አይደለም በማለት ፈረደለት። አንዱ ዳኛ በዚያ ጉዳይ የጻፉት መለኪያ ነው ዛሬ በየአገሩ የሚጠቀሰው። ሰውየው ግላዊነቴ ይከበራል ብሎ ገምቷል ወይ? ግምቱንስ ኅብረተሰቡ ምክንያታዊ ነው ብሎ ይቀበለዋል ወይ? ይህን በእንግሊዝኛ «expectation of privacy» የሚባለውን አንዳንዶች «የግላዊነት ተስፋ» ብለው ይተረጉሙታል። ተስፋ ሩቅ ነው፤ የሚመኙት ነው። «ግላዊነትን መጠበቅ»ም አይሆንም፤ ጠበቀ መገመትም፣ መቆየትም፣ ዘብ መቆምም ነውና አንባቢው የትኛውን ይያዝ? «ግምት» ይሻላል።

ገመና ወይስ ግላዊነት? ልቤ ገመና ነው የሚለው። አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ «ገመና ከታች» የሚል ምስጋናም ወልዷል። «ግላዊነት» ግን «-አዊ» ላይ «-ነት» ተደርቦ የተሠራ የቢሮ ቃል ነው። ችግሩ ገመና እንዲሸፈን የምንፈልገውን፣ ቢገለጥ የሚያሳፍረንን ብቻ መያዙ ነው። መንገድ ላይ መቆምዎ አያሳፍርም፤ ፊትዎም ገመናዎ አይደለም። ባያሳፍርም ግን የእርስዎ ነው። ያንን ገመና አይሸፍነውም፤ ግላዊነት ይሸፍነዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 «የግል ሕይወቱ፣ ግላዊነቱ» ብሎ ጽፎታል። ከዚያ ወዲህ መከራከር አይቻልም፤ እኔም ሳልወደው እጽፈዋለሁ። እርስዎም መልክዎ ብቻ ከተቀረጸ «ግላዊነቴን ነካ» ይበሉ። በስልክ ያወሩት ነገር ቪዲዮው ላይ ከተሰማ ግን «ገመናዬን አደባባይ አወጣው» ማለት ይችላሉ።