ኮሪያ ሄዶ መማር፦ ከሰነድ እስከ ምግብ ቤት (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የኮሪያ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች በሚሰጠው በጂኬኤስ ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ማመልከት አስቤያለሁ። ጂፒኤዬ 2.9 ነው፤ ያስገባኛል? በኤምባሲ ይሻላል ወይስ በዩኒቨርሲቲ በኩል?

ጂፒኤህ ያስገባሃል። መመሪያው ከመቶ 80 ይላል፤ ይህ በእኛ 4.0 ስሌት 2.64 ነው። ዕድሜ ለማስተርስና ለዶክትሬት ከ40 በታች፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ25 በታች መሆን አለበት። የማስተርሱ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ፣ የመጀመሪያ ዲግሪው በሴፕቴምበር ይወጣል። ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ስለሆነ ሰነድ የሚዘጋጀው ጥሪው ሳይወጣ ነው።

በኤምባሲ በኩል ሦስት ዩኒቨርሲቲ ትመርጣለህ፤ በዩኒቨርሲቲ በኩል ግን አንድ ብቻ። በሁለቱም ካመለከትክ ከሁለቱም ትሰረዛለህ። ያነጋገርከውና ሥራህን የሚያውቅ ፕሮፌሰር ካለ በቀጥታ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ አመልክት። ከሌለ ኤምባሲው ይሻልሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምርጫውን ሴኡል ባሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ሲሞላ ነው። ከኤምባሲው ማጣሪያ በኋላ ያለውን ሁለተኛ ዙር ያለፈ ሰው እንኳ ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ካልተቀበሉት ስኮላርሺፑ የለም። ቢያንስ አንዱን ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች አድርገው።

ጥያቄ፦ የእናቴ አባት የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ይህ ይጠቅመኛል?

ይጠቅምሻል፤ ጂኬኤስ ለኮሪያ ጦርነት ዘማቾች ዘሮች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል። ግን የሚቆጠረው በወረቀት ሲረጋገጥ ነው። የአያትሽ የዘማችነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ከአያትሽ ወደ እናትሽ፣ ከእናትሽ ወደ አንቺ የሚያያዝ ሰነድ። በአባት ወገን ቢሆን የአያት ስም ከስምሽ ላይ ይታይ ነበር። በእናት ወገን ግን ስምሽ ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ዋናው ሰነድ የእናትሽ የልደት ሰርተፍኬት ነው። እሱ ከሌለ አሁኑኑ ክፍለ ከተማ ሄደሽ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ሰነድ ማረጋገጥ ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ዲግሪና ትራንስክሪፕት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፤ በአማርኛ ያለው ሁሉ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተረጎማል፤ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ የኮሪያ ኤምባሲ ቆንስላ። ያስገባኸው ሰነድ ስለማይመለስ ዋናውን ዲፕሎማ አትስጥ፤ የተረጋገጠ ቅጂ አስገባ።

ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው ግን በማኅተም ሳይሆን በስምና በቀን ነው። ፓስፖርትህ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ከትራንስክሪፕቱ በአንድ ሆሄ ቢለይ ጥያቄ ይነሳል። ኮሪያውያን የቤተሰብ ስም ስላላቸው የአባትህና ያንተ የመጨረሻ ስም አለመመሳሰሉ ግራ ያጋባቸዋል። የውጭ አመልካች ወላጆቹም ኮሪያዊ አለመሆናቸውን ስለሚያስረዳ የወላጆች መታወቂያም ይታያል። በኢትዮጵያ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት ስም መሆኑን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር አያይዝ።

የልደት ቀንም እንዲሁ። መስከረም 1 ቀን 1997 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2004 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1996 ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ነው፤ የ1995 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት። ይህችን አንድ ቀን የዘነጋ ተርጓሚ ከፓስፖርትህ የማይገጥም ሰርተፍኬት ይሰጥሃል። ማኅተም ከማስመታትህ በፊት ራስህ ቁጠር።

ጥያቄ፦ በራሴ ወጪ ብሄድስ? ባንክ ውስጥ ስንት ይጠየቃል?

ለዲግሪ ቪዛ፣ ማለትም ዲ-2፣ ከ2023 ጀምሮ መለኪያው 20 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ነው፤ ከሴኡልና ከአካባቢዋ ውጭ ላለ ዩኒቨርሲቲ 16 ሚሊዮን። ለቋንቋ ትምህርት፣ ዲ-4፣ 10 ሚሊዮን ወይም 8 ሚሊዮን። ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በአንድ ጊዜ የገባ ብር ጥርጣሬ ያመጣል። ስፖንሰሩ ሌላ ሰው ከሆነ የዝምድና ማስረጃ፣ የሥራና የገቢ ማስረጃ ይጨመራል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ፦ የመግቢያ ሰርተፍኬቱ የሚላከው የትምህርት ክፍያው ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ከገባ በኋላ ነው፤ ቪዛ ደግሞ ያለ ሰርተፍኬቱ አይጠየቅም። የመክፈያው ጊዜ ብዙ ቦታ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤት ሳይወጣ ባንክህ ሄደህ ለትምህርት ክፍያ ዶላር ለመላክ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ። ተቀባይነት አግኝተው በዚህች መዘግየት ብቻ የሚቀሩ ልጆች ያሳዝናሉ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውንም አትርሳ፤ ለቪዛም ለዶርምም ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ኮሪያኛ ሳልችል በእንግሊዝኛ ብቻ መማር እችላለሁ?

እንደ ቦታው ነው። ዴጆን ባለው ካይስትና ኡልሳን ባለው ዩኒስት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ቦታ «በእንግሊዝኛ» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ አትመኑ፤ የትምህርት ክፍሉን ያለፈውን ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር አውጥታችሁ ስንቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ ቁጠሩ። በጂኬኤስ የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ዓመት ቋንቋ ተምሮ በኮሪያኛ ችሎታ ፈተናው፣ በቶፒክ፣ 3ኛ ደረጃ ካላመጣ ወደ ዲግሪው አያልፍም፤ ያ ማለት «ቶፒክ II» በሚባለው ፈተና ከ300 ቢያንስ 120 ነጥብ ነው። ፊደሉን አገር ቤት ተምራችሁ ሂዱ። ፊደል የቆጠረ ሀበሻ በአንድ ሳምንት ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ እዚያ እንደደረስኩ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የውጭ ዜጋ መታወቂያ ካርድ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ግዴታ ነው። ቀጠሮ የሚያዘው ሃይኮሪያ በሚባለው ድረ ገጽ ሲሆን በሴሚስተር መጀመሪያ ቶሎ ይሞላል፤ በገባሽበት ሳምንት ያዢ። ቤት ከቀየርሽ በ15 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ። የጤና መድን ከ2021 ጀምሮ ለተማሪም ግዴታ ነው፤ ያልተከፈለ ወርኃዊ መዋጮ ቪዛ ሲታደስ ይወጣል። ለማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥያቄ 1345 ደውይ።

ካርዱ ሲመጣ ስምሽን በደንብ አይተሽ ባንክም ስልክም ላይ በዚያው አጻጻፍ፣ በዚያው ቅደም ተከተልና ክፍተት አስመዝግቢ። የእኛ ሦስት ስም ረጅም ስለሆነ አንዱ ጋ ተቆርጦ፣ ሌላው ጋ ተጣብቆ ይጻፋል። ኮሪያ ውስጥ ሁሉ ነገር በስልክ ማንነት በማረጋገጥ ስለሚሠራ፣ አንድ ክፍተት ሲለያይ ኦንላይን መግዛት እንኳ እምቢ ይላል።

ጥያቄ፦ ሥራ እየሠሩ መማር ይቻላል?

በፈቃድ ብቻ። የዩኒቨርሲቲው ፊርማ ካለበት ቅጽ ጋር ኢሚግሬሽን ፈቃድ ይሰጣል፤ የሰዓቱ ብዛት በቶፒክ ደረጃ ይወሰናል። በዲ-4 ያለ ስድስት ወር መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መሥራት ቅጣትና የቪዛ ችግር ያመጣል። የትምህርት ክፍያን ከዚህ ሥራ እሸፍናለሁ ብሎ መነሳት አይገባም፤ ለቀለብና ለትራንስፖርት ይደግፋል።

ጥያቄ፦ ጾም እንዴት ይያዛል?

ይከብዳል፤ ግን ይቻላል። ኪምቺ አትክልት ቢመስልም አብዛኛው የተብላላ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ አለበት፤ ሾርባው ደግሞ ከደረቅ ዓሣ ወይም ከሥጋ ይነሳል። ቢቢምባፕ ስታዝዢ «ኬራን ፔጎ፣ ጎጊ ፔጎ ጁሴዮ» በይ፤ ያለ እንቁላል፣ ያለ ሥጋ ስጡኝ ማለት ነው። ቀዩን ድልህም ጠይቂ፤ አንዳንድ ቦታ የተፈጨ ሥጋ ይቀላቀልበታል። ከሁሉ የሚያዋጣው ዶርሙ ማብሰያ እንዳለው አስቀድሞ ማጣራት ነው፤ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ብትሄጂም ምድጃ ከሌለ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል።