ስም የሌላቸው የተወለወሉ ድንጋዮች፦ ከማጠብህ በፊት ይህን አንብብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ከአጎትህ የቀረ አንድ ካርቶን የተወለወለ ድንጋይ ኮምቦልቻ ቤትህ ተቀምጧል፤ ስም የተጻፈበት አንድም የለም፤ የቱ ምን እንደሆነ በምን ልለየው ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «ድንጋይ በፎቶ የሚለይ አፕ ላይ አስገባው» «በደንብ አጥበህ ፎቶ አንሳና ላክልን» ብለውሃል። እባክህ አትጠበው። ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው። አጥበኸው ከሆነም አብሽር፣ ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ ይደርቃል።

እኔ ደሴ ነኝ። የእኔም ከአባቴ የቀረ ነው፣ አላህ ይርሐመው። ሹፌር ስለነበር ከየሄደበት ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶችም የተወለወለ ያመጡለት ነበር። ሁሉንም አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከተዋል። እሱ በቃሉ ያውቃቸዋል፣ ወረቀት ላይ ግን ምንም የለም። የአንተም እንደዚያ የተደበላለቀ ነው ብዬ ልነሳ፦ የእኛው አገር ኦፓል፣ ከውጭ የመጣ ኳርትዝ፣ ቀለም የጠጣ አጌት፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ መስታወት። መስታወቱ ከምትገምተው በላይ ነው።

1. ቀለሙን አትመን። ሐምራዊ ድንጋይ አሜቲስት ሊሆን ይችላል፤ ፍሎራይት ሊሆን ይችላል፤ ቀለም የተነከረ አጌት ወይም መስታወትም ሊሆን ይችላል። አፑም የሚያየው ቀለሙን ስለሆነ አብሮህ ይሳሳታል። ድንጋዩ ማሽን ውስጥ እየተሽከረከረ ስለለሰለሰ የተፈጥሮ ቅርጹ ጠፍቷል። ኳርትዝ ስድስት ጎን አለው የሚለው እውቀት እዚህ ጋ አይሠራም። የሚቀርህ ጥንካሬው፣ ክብደቱ፣ እና ብርሃን ሲያልፍበት የሚያሳይህ ነገር ነው።

2. ሌላ ምንም ነገር ከመሞከርህ በፊት ኦፓሎቹን ለብቻ አውጣ። ደረቅ እንደሆኑ፣ አንድ በአንድ፣ ፀሐይ ላይ አገላብጠህ እያቸው። ሲዞር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያፈራረቀ የሚያበራ ካለ ወደ ጎን። ቀለም የማይጫወት ነጭ ወይም ቢጫማ ኦፓልም አለ፤ እሱን በክብደት ታውቀዋለህ። ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር እጅ ላይ ቅልል ይላል። የእኛ የወሎ ኦፓል፣ ያ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደላንታ ወገል ጤና ከተገኘ በኋላ ዓለም ያወቀው፣ አብዛኛው ውሃ መጣጭ ነው። እንደ ደረቅ ሸክላ ነው የሚጠጣው። ምላስህን ብታስነካው ያዝ ያደርግሃል። (ሌላውን የማታውቀውን ድንጋይ ግን እንዳትልስ። መዳብ ያለበት አለ፣ ከዚያም የባሰ አለ።)

ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፣ መስታወት ይመስላል። የማያውቅ ሰው «ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። ጥላ ውስጥ ብትተወው ቀስ ብሎ ደርቆ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አስቀምጬ ላፍጥነው ካልክ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ከውሃ የሚብሰው ሌላ ፈሳሽ ነው። ዘይት፣ ሻይ፣ ሽቶ፣ ሳሙና ያለበት ውሃ። እነዚህ ውስጡ ገብተው ይቀራሉ።

3. «ባለሙያ ጋ ውሰደው» ለሚሉህ። እሺ፣ ውሰደው። ግን እኔ የደረሰብኝን ስማ።

መጀመሪያ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ዘበኛው ገና በር ላይ «የምን ድንጋይ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ደብዳቤ አለሽ?» ከማን ነው ደብዳቤ የማመጣው፣ ከአባቴ መቃብር? ውስጥ ከገባሁ በኋላ ያለችው ልጅ ደግሞ ቀና ብላ ሳታየኝ «እኛ የግለሰብ አንሠራም» አለች። ስልኳን ነበር የምታየው። የት ልሂድ ስላት «እኔ ምን አውቃለሁ» አለችኝ። ወላሂ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንድ መስመር አድራሻ ብትነግረኝ ምን ይቀንስባት ነበር?

ከዚያ በሰው በሰው አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል መርማሪ ተገኘ። የአባቴን ትልቁን ኦፓል፣ ያንን ለእንግዳ ብቻ የሚያወጣውን፣ ይዤ ሄድኩ። «ኦፓል ነው፣ ፈሳሽ አይንካው» ብዬ ነገርኩት። ሳቀ። «እህቴ፣ ይህ ሥራዬ ነው» አለኝ። ክብደቱን ለመለየት ብሎ ዘይት የመሰለ ነገር ውስጥ ከተተው፣ ስልክ ተደወለለትና ረሳው። ሲያወጣው ድንጋዩ ቢጫ ሆኗል። «ይደርቃል» አለ። ክፍያውንም ሙሉውን ተቀበለ! ውሃ ነው የሚደርቀው፣ እሱ የከተተበት ግን አልደረቀም። ዛሬም ቢጫ ነው። ያ ቀይ ብልጭታው ከውስጥ በጭንቅ ይታያል።

ስለዚህ ባለሙያ ጋ ስትሄድ ድንጋዩን ቀድመህ ለይተህ፣ ደረቅ ፎቶ አንስተህ፣ መዝነህ፣ ግራሙን ጽፈህ ሂድ። «በምን ፈሳሽ ነው የምትለካው?» ብለህ ጠይቅ። ከተቆጣ ድንጋይህን ይዘህ ውጣ።

አሁን ስንት ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጥንካሬ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ1 እስከ 10 የሚሄድ የጥንካሬ መለኪያ አለ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭራል፤ እስከ ዛሬ የምንጠቀመው እሱን ነው። ጥፍርህ 2.5 አካባቢ ነው። የቢላ ብረትና የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ። ኳርትዝ 7። አሜቲስት፣ ሲትሪን፣ ሮዝ ኳርትዝ፣ አጌት፣ ጃስፐር ሁሉም የኳርትዝ ቤተሰብ ስለሆኑ ከ6.5 እስከ 7 ናቸው። ለስላሳዎቹ ካልሳይት 3፣ ፍሎራይት 4 ናቸው። ድንጋዩን በቢላ አትቧጭር፣ ውበቱን ታጠፋዋለህ። የተሰበረ መስታወት ፈልግና በድንጋዩ ጠርዝ መስታወቱን ጫር። ከዚያ በጣትህ ጥረግ። መስመሩ ከጠፋ የድንጋዩ ዱቄት ነበር ማለት ነው፣ ከቀረ መስታወቱ ተጭሯል። ሐምራዊው ድንጋይህ መስታወት ከጫረ ፍሎራይት አይደለም። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ እሱን በዚህ አትሞክረው። ካርቶን ውስጥም ከኳርትዝ ጋር አታቆየው። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ይዘኸው ስትወጣ ሲንገጫገጭ ኳርትዙ ይፍቀዋል።

ካልሳይት የመሰለህ ላይ ከስር በኩል አንድ ጠብታ ሎሚ ወይም አቼቶ አድርገህ በማጉያ እይ። ቀስ ብሎ አረፋ ያወጣል። ቶሎ ጥረገው፣ ቦታው ይደበዝዛል።

ክብደት ላይ እኔ እኮራለሁ፣ ምክንያቱም ማንም ሳያሳየኝ ነው ቤቴ ውስጥ የሠራሁት። የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልግሃል። ድንጋዩን ደረቅ መዝን። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገህ ዜሮ አድርገው። ድንጋዩን በክር አስረህ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው፣ ሥሩንም ጎኑንም አይንካ። ደረቁን ክብደት ለሚታይህ ቁጥር አካፍለው፤ ድንጋዩ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግርሃል። ደረቁ 26.5 ግራም ሆኖ ውሃ ውስጥ 10 ካሳየህ 2.65 ይመጣል፣ ኳርትዝ ነው። ተራ መስታወት 2.5 አካባቢ፣ ባልጩት 2.4 ገደማ፣ ፍሎራይት 3.18፣ ማላካይት ወደ 4፣ ሄማታይት ከ5 በላይ። ካልሳይት 2.71 ስለሆነ ከኳርትዝ ጋር ይምታታል፤ እሱን በጥንካሬው ለየው። ኦፓል ወደ 2 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ግን እሱን ውሃ ውስጥ አትከትም ብያለሁ።

ጥቋቁሩንና ብርማውን የሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ ላይ፣ ያልተቀባው በኩል፣ አሽት። ሄማታይት ከላይ ጥቁር ብር መስሎ የሚተወው መስመር ቀይ ቡናማ ነው። ማግኔት ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ግን ምናልባት ፋብሪካ የተሠራ ነው። ሰማያዊ ላይ ደግሞ፣ ላፒስ ከሆነ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ይኖረዋል፣ መስመሩም ሰማያዊ ነው። ነጭ መስመር ከተወ ሶዳላይት በል።

የሚያናድደኝ የሐሰቱ ነገር ነው። ቡናማ ሆኖ ውስጡ የሚያብለጨልጭ፣ ሰው ሁሉ «ወርቅ ድንጋይ» የሚለው፣ የመዳብ ብናኝ ያለበት መስታወት ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ሰማያዊ፣ ለብርሃን ስታነሳው ብርቱካናማ የሚሆነው ወተት መሳይም መስታወት ነው፤ የጨረቃ ድንጋይ ነው ብለው ይሸጡታል። በማጉያ ስታየው ክብ አረፋ ካለበት ሌላ ነገር አትጠብቅ። ደማቅ ሮዝና ደማቅ ሰማያዊ አጌት በብዛት ቀለም የጠጣ ነው፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ተጠራቅሞ ታየዋለህ። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በረጠበ ጥጥ ስታሸው አንዳንዴ ቀለሙ ይለቃል። ቱርኩዊዝ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ ነጭ ሀውላይት ተቀብቶ ነው። ቢጫ ሲትሪን ደግሞ አብዛኛው በእሳት የተጠበሰ አሜቲስት ነው። እሱ እንኳን ድንጋይነቱ እውነት ነው።

ደላላ ነገር ደግሞ። ካርቶን አለህ ተብሎ ከተወራ ደሴ ፒያሳ ሳትደርስ ሰው ይደውልልሃል። እኔ ጋ የመጣው ሰውዬ «ሁሉንም በኪሎ ልውሰድልሽ» አለ፤ እጁ ግን ቀድሞ የገባው ኦፓሎቹ ውስጥ ነበር። ዛሬ ያው ሰውዬ ድንጋይ ይዞ እየመጣ «እስቲ እይልኝ» ይለኛል። ሻይ አስጠጥቼ አይለታለሁ፣ ምን ላድርግ። አንተ ግን ለይተህ ሳትጨርስ ለማንም አታሳይ። መሸጥ ካሰብክም ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ይሁን።

እያንዳንዱን ለየብቻ ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ አድርግ፣ ቁጥር ለጥፍ፣ ደብተር ላይ ግራሙን፣ መስታወት መጫር አለመጫሩን፣ የመስመሩን ቀለም ጻፍ። ያልታወቀህን «አልታወቀም» በልና ተወው፤ እኔም እንዲህ የተውኳቸው አሉኝ። ፎቶ ስትለጥፍ በቀን ብርሃን ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገህ አንሳ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ በስልክ መብራት እያበራህ። ኦፓል የመሰሉህን መጀመሪያ ላክልኝ።